ሲዲ የሌለው ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ቀብዴን ልቀበል?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው፣ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ለሁለት ሱቆች ሂሳብ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም እይዛለሁ፣ እስካሁን የምሠራው በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ነበር። አሁን የራሴ ይኑረኝ ብዬ አዲስ አበባ ሄጄ ያገለገለ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 መረጥኩና 5 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልኩ። የዊንዶው ሲዲውስ ብዬ ስጠይቅ ሻጩ ‹ሲዲ ድሮ ቀረ፣ ዊንዶው ተጭኖበታል፣ ከተበላሸ አምጪው እጭንልሻለሁ› አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ሲዲና ወረቀት የሌለው ዕቃ የተሰረቀ ነው፣ ቀብድሽን ተቀበዪ ይለኛል። ከጎኑ ጂ3 የሚባል አለ፣ በ9 ሺህ ብር ይረክሳል፣ እሱም ዊንዶው 11 አለው ተብያለሁ። ቀሪውን የምከፍለው ቅዳሜ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ቅዳሜ ቅርብ ስለሆነ ቀጥታ ልግባበት። ሲዲ ስለሌለው አትጨነቂ። ሲዲ የለውም ማለት ተሰርቋል ማለት አይደለም፣ ጎድሎበታል ማለትም አይደለም። ግን ደግሞ ሻጩ «ተጭኖበታል» ስላለሽ ብቻ ነገሩ አለቀ ብለሽ ብሩን እንዳትቆጥሪ። አንቺ መጠየቅ ያለብሽ ሌላ ነገር ነው። ይሄ ላፕቶፕ ዛሬ ከላይ እስከ ታች ፎርማት ቢደረግ፣ ማንንም ሳታስፈቅጂ፣ ክራክ፣ ማለትም ያልተከፈለበትን ዊንዶው በማታለል የሚከፍት ፕሮግራም፣ ሳትፈልጊ፣ በራሱ ሕጋዊ ዊንዶው ተመልሶ ይነሳል ወይ? ከተነሳ ግዢው። ካልተነሳ ሲዲ በካርቶን ሞልቶ ቢሰጥሽም አይጠቅምሽም።

ወንድምሽ የሚያስታውሰው የድሮውን ነው፣ አልፈርድበትም። ድሮ ኮምፒውተር ሲገዛ ሲዲው አብሮ ይመጣ ነበር፣ የዊንዶው ቁልፉም፣ ማለትም ሕጋዊ መሆኑን የሚያረጋግጠው ኮድ፣ 25 ፊደልና ቁጥር ሆኖ ከላፕቶፑ ሥር በተለጠፈች ወረቀት ላይ ይገኛል። እስከ ዊንዶው 7 ድረስ ያቺ ወረቀት ነበረች፣ ስትላላጥና ቁጥሩ ሲጠፋ ስንቱ ሰው ተቸግሯል። ከዚያ አምራቾቹ ሲዲ መስጠቱን እየተዉ ሄዱ፣ በምትኩ ሃርድ ዲስኩ ላይ ትንሽ ቦታ ከፍለው የመመለሻ ፋይሉን እዚያ ማስቀመጥ ጀመሩ። ከዊንዶው 8 ወዲህ ደግሞ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቁልፉ ራሱ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የላፕቶፑ ዋና የውስጥ ሰሌዳ፣ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ ተጽፎ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። አንቺ የመረጥሽው ጂ5 የሲዲ ማስገቢያ እንኳን የለውም፣ ጎኑን አይተሽ ይሆናል።

እነዚህ የኤችፒ ኤሊትቡኮች፣ የዴል ላቲቲዩዶችና የሌኖቮ ቲንክፓዶች ከየት እንደሚመጡ ማወቁም ይጠቅምሻል። አብዛኞቹ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ ገዝተው ወይም ተከራይተው ጥቂት ዓመት የሠሩባቸው ናቸው። ጊዜያቸው ሲደርስ በጅምላ ይወጣሉ። የኩባንያው መረጃ ስላለበት ዲስኩ ይጠረጋል ወይም ይወጣል፣ ሌላ ዲስክ ይገባበታል፣ ይጸዳል፣ ብዙ ጊዜም በዱባይ በኩል እኛ ጋ ይደርሳል። ያ የመመለሻ ፋይል ከድሮው ዲስክ ጋር አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ሻጩ ሲዲም የመመለሻ ፋይልም የለኝም ካለሽ እውነቱን ነው። ዊንዶውን የጫነው ራሱ ነው ወይም አስመጪው ነው። ችግሩ የት ጋ ነው ካልሽኝ፣ ምን ዓይነት ዊንዶው ጫነ የሚለው ላይ ነው።

በአንድ ፍላሽ ሙሉውን መደርደሪያ የሚጭን ሱቅ አለ። ቺፗ ውስጥ የተከፈለበት ሕጋዊ ቁልፍ ቁጭ ብሎ እያለ፣ በዚያው ፍላሽ ላይ ያለውን ዊንዶው ከነክራኩ ይጭኑበታል። ስለሚፈጥን ነው እንጂ ክፋት አስበው ላይሆን ይችላል። አንቺ ግን የሰው ሂሳብ ነው የምትይዢው። ክራክ የሚያደርገው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ከዚያ ከጀርባ ሆኖ ሲሠራ ሊኖር ይችላል፣ ሌላ ምን ይዞ እንደገባ አንቺም ሻጩም አታውቁም። ሁለት ነጋዴዎች የዓመት ሽያጫቸውንና የግብር ሰነዳቸውን አምነው በሰጡሽ ኮምፒውተር ላይ ይሄ እንዲኖር አልፈልግም።

ሱቁ ውስጥ ሆነሽ በአንድ ደቂቃ የምታዪው ነገር አለ። ሴቲንግስ ክፈቺ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አክቲቬሽን። ዊንዶው 10 ከሆነ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ነው። «በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት ሆኗል» የሚል በእንግሊዝኛ ካገኘሽ ጥሩ ምልክት ነው። እዚያው ላይ ኦርጋናይዜሽን የምትል ቃል ካየሽ፣ ማለትም ዊንዶው በድርጅትሽ የአክቲቬሽን አገልግሎት ተከፍቷል የሚል ከሆነ፣ አቁሚ። ያ ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራ አሠራር ነው፣ ኮምፒውተሩ ቢያንስ በ180 ቀን አንዴ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር አግኝቶ ማደስ አለበት። አንቺ ሰርቨር የለሽም። ስለዚህ ወይ ክራኩ ሰርቨር መስሎ እያታለለው ነው፣ ወይ ከወራት በኋላ ስክሪንሽ ጥግ ላይ አክቲቬት አድርጊ የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

ዲጂታል ላይሰንስ የሚለውም ቢሆን ብቻውን አያሳርፈኝም፣ እሱንም አስመስለው የሚያወጡ አሉ። እኔ የማምነው አንድ ፈተና ብቻ ነው። ፊት ለፊትሽ፣ በራስሽ ፍላሽ፣ ኢንተርኔት ተከፍቶ፣ ፎርማት ይደረግ።

ለምን ኢንተርኔት ተከፍቶ እንዳልኩሽ በራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ጥሩ ዕቃ ነበር፣ ኪቦርዱ ንጹሕ፣ ባትሪው የሚቆይ። 7 ወር ያለምንም ችግር ሠራሁበት። አንድ ማታ ዘገምተኛ ሆነብኝና ፎርማት ላድርገው ብዬ ጀመርኩ፣ አገር መርጬ፣ ኪቦርድ መርጬ፣ ዋይፋይ አስገባሁ። ትንሽ አሰበና ነጭ ስክሪን መጣ። መሐሉ ላይ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ የውጭ ኩባንያ አርማ፣ ከሥሩ «እንኳን ደህና መጣህ» እና የመሥሪያ ቤት ኢሜይልህን አስገባ የምትል ሳጥን። ወደ ኋላ ብመለስ፣ አጥፍቼ ባበራ፣ ድጋሚ ፎርማት ባደርግ እሱው ነው። ላፕቶፑ ማይክሮሶፍት ዘንድ አሁንም የዚያ ኩባንያ ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል፣ ሲያስወግዱት ስሙን ከመዝገባቸው አልሰረዙትም። ከመዝገቡ ማውጣት የሚችለው ደግሞ ያ ኩባንያ ነው እንጂ ገዢው አይደለም። ኩባንያው ጋ ጻፍኩ፣ መልስ አልመጣም። ሻጩ «እኔ ስሸጥልህ ይሠራ ነበር» አለኝ፣ ውሸቱን አልነበረም። ሲጭነው ኢንተርኔት ስላላገናኘው መቆለፊያው አልታየም። ያን ማታ ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳሁትም፣ ከፍዬ ሰባት ወር የሠራሁበት ዕቃ የኔ እንዳልሆነ በዚያች ቅጽበት ነው የገባኝ።

ወንድምሽ የፈራው ነገር ውስጥ እውነት ካለ እዚህ ጋ ነው። ምልክቱ ሲዲ ላይ ሳይሆን እዚያ ነጭ ስክሪን ላይ ነው የሚወጣው። የኩባንያ ስም ከመጣ ላፕቶፑ የግድ ተሰርቋል ማለት አይደለም፣ ግን የሚሸጥልሽ ሰው ሙሉ በሙሉ ሊያስረክብሽ አይችልም ማለት ነው።

አሁን ፍላሹን ወደማዘጋጀቱ እንምጣ። ከማይክሮሶፍት ድረገጽ ላይ የዊንዶው 11 ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል የሚባለውን በነጻ ታወርጃለሽ። ቢያንስ 8 ጊጋ የሆነ ፍላሽ ትሰኪበታለሽ፣ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ይሁን። ቱሉ ራሱ ያወርዳል፣ ራሱ ይጽፋል። የሚወርደው ከ5 ጊጋ በላይ ነው፣ ስለዚህ በሞባይል ዳታ አትሞክሪው፣ ብርሽን ይበላዋል፤ ዋይፋይ ያለው ጓደኛ ቤት ወይም አለቃሽን አስፈቅደሽ መሥሪያ ቤት አውርጂው። ያቺ ፍላሽ የምትፈልጊው ሲዲ ናት። ሕጋዊ ናት፣ ነጻ ናት፣ ነገ ሌላ ላፕቶፕ ቢገዛም ትሠራለች፣ ምክንያቱም ፍላሿ ላይ ያለው መጫኛው ብቻ ነው፣ ቁልፉ ያለው ቦርዱ ላይ ነው።

ቅዳሜ ወንድምሽን ይዘሽ ሂጂ። ጠዋት ይሁን፣ ሱቁ ሳይጨናነቅ። ሻጩን በሰላም «ቀሪውን ይዤ መጥቻለሁ፣ ግን በዚች ፍላሽ ፎርማት አድርገን እንየው» በዪው። ለሱ የየቀኑ ሥራ ነው፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ከሆነ ሻይ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ የሚያልቅ ነገር ነው፣ ግን አትመለሱ፣ እዚያው ቁጭ በሉ። ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ 9 ተጭኖ ከፍላሹ ይነሳል። ዲስኩ ላይ ድሮ የነበሩት ክፍልፋዮች በሙሉ ይጥፉ። አሁን ልብ በዪ፦ ሲጭን የቁልፍ ቁጥር ካልጠየቀሽና ሆም ወይስ ፕሮ ብሎ ካላስመረጠሽ፣ ከቦርዱ ላይ ራሱ አንብቦ አገኘ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለኝም። ከጠየቀሽ ደግሞ ወይ ቦርዱ ተቀይሯል፣ ወይ ቁልፉ የለም፣ ያኔ ሻጩ ሕጋዊ ቁልፍ ገዝቶ ይስጥሽ ወይ ዋጋውን ዝቅ ያድርግ።

ከዚያ ዋይፋይ ሲል የስልክሽን ሆትስፖት ስጪው። ብዙ ጊዜ ዋይፋዩን ያውቀዋል፤ ካላወቀው ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተሽ ስልክሽ ላይ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሪ፣ ኢንተርኔቱ በገመዱ ይሄዳል። ሻጩ «ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ዝለዪው» ሊልሽ ይችላል። አትዝለዪው። የኩባንያ አርማ ሳይመጣ የራስሽን ኢሜይል ከጠየቀሽ፣ ገብተሽ አክቲቬሽኑን እንደገና እዪው። ዲጂታል ላይሰንስ ካለ እፎይ በዪ።

ከዚሁ ጋር ባዮሱንም፣ ማለትም ከዊንዶው በፊት የሚነሳውን የላፕቶፑን የራሱን ማስተካከያ፣ ክፈቺ፣ ኤችፒ ላይ ሲነሳ ኤፍ 10 ነው። ፓስወርድ ከጠየቀ ሻጩ ያጥፋው፣ ካልቻለ ተዪው፤ የእነዚህ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች ፓስወርድ እንደ ድሮው ባትሪ ነቅሎ በመመለስ አይጠፋም። እዚያው የሚጻፈውን ሴሪያል ቁጥር ከላፕቶፑ ሥር ከተለጠፈው ጋር አስተያዪው። ካልተመሳሰለ ቦርዱ ወይም የሥር ክዳኑ የሌላ ነው። አብሶሉት የሚል የመከታተያ ነገር እንደበራም ካየሽ ጠይቂ፣ እሱ ባዮስ ውስጥ ስለሚቀመጥ ፎርማት አያጠፋውም። ባትሪውን፣ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን እንደምታዪ አውቃለሁ፣ እሱ ላይ አላቆይሽም።

የ9 ሺህ ብሩ ልዩነት። ይሄን ብር ማትረፍ እንደሚያጓጓ ይገባኛል፣ ግን ጂ3ቱን አትውሰጂ። ጂ3 ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) የኢንቴል ስድስተኛ ጀነሬሽን፣ ማለትም ስድስተኛ ትውልድ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶው 11 የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፣ ከጥቂቶች በስተቀር። ታዲያ እንዴት ዊንዶው 11 ኖረው? ማጣሪያውን በሚያልፍ ዘዴ ጭነውት ነው። ዛሬ ይሠራል፣ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት እንደሚቀጥል ዋስትና አይሰጥም። ወደ ዊንዶው 10 ልመልሰው ብትዪ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ማለትም ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴትም ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ለፊልምና ለዩቲዩብ ብቻ የሚፈልገው ሰው ቢሆን ጂ3 ላይ በዊንዶው ፈንታ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ የሚባሉትን ጭኖ፣ የአማርኛ ኪቦርድ ጨምሮ ዓመታት ሊጠቀምበት ይችላል፣ በነጻ። ፒችትሪ ግን የዊንዶው ፕሮግራም ነው፣ ለአንቺ አይሆንም።

ጂ5ቱም ላይ ብትሆኚ ስሙን ብቻ አትመኚ። ጂ5 እየተባለ ሰባተኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ይዞ የወጣ አለ። ሴቲንግስ ውስጥ አባውት የሚለውን ክፈቺና ከአይ5 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዪ። 8250 ወይም 8350 ካለ ስምንተኛ ነው። በ7 ከጀመረ ሰባተኛ ነው፣ ያን ጊዜ በዚህ ዋጋ አትቀበዪ።

ሁሉም ካለፈ ክፈዪና ደረሰኝ ላይ ሴሪያል ቁጥሩን አጽፊ። የዋስትናው ቀን ስንት እንደሆነም ይጻፍ። አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ጨምሩልኝ በዪ፦ የሌላ ድርጅት መቆለፊያ ወይም የባዮስ ፓስወርድ ከወጣበት ገንዘቡ ይመለሳል። ዕቃውን የሚያምን ሻጭ ይሄን ለመጻፍ አይከብደውም። በቃል «አታስቢ እህቴ» ብቻ ካለሽ፣ ደግመሽ ጠይቂው፣ ማህተሙ እስኪያርፍ አትነሺ።

ቤት ስትገቢ መጀመሪያ የኤችፒ ድረገጽ ላይ ሴሪያል ቁጥሩን አስገብተሽ የዋይፋይና የድምፅ ድራይቨሮቹን፣ ማለትም ዊንዶው እነዚህን ክፍሎች እንዲያውቃቸው የሚያደርጉትን ፕሮግራሞች፣ አውርጂ፣ ፍላሿ ላይ ለብቻ ፎልደር አድርገሽ አስቀምጪ። ፍላሿን ቻርጀሩ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን መሳቢያ ውስጥ፣ ስም ጽፈሽባት። ፒችትሪን ጭነሽ የሁለቱን ሱቆች ፋይል ካስገባሽ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ ባክአፕ ሌላ ፍላሽ ላይ ይሁን። ዊንዶው ከተበላሸ በራስሽ ፍላሽ ማታውኑ ትመልሺዋለሽ፣ የጠፋ የሂሳብ ፋይል ግን ማይክሮሶፍትም ሻጩም አይመልሱልሽም።

ቀብዱን በተመለከተ፦ ፎርማት አላስደርግም ካለ ወይም የኩባንያ ስም ከመጣ 5 ሺህ ብርሽን ጠይቂ፣ ግዢው የቀረው አንቺ ስለተጸጸትሽ ሳይሆን ሻጩ ዕቃውን ሙሉ በሙሉ ሊያስረክብሽ ስላልቻለ ነው። የከፈልሽበትን የቴሌብር ወይም የባንክ መልዕክት ስልክሽ ላይ እንዳታጠፊው። ወንድምሽም አጠገብሽ ይቁም፣ ግን ስለ ሲዲ እንዳያነሳ ከመግባታችሁ በፊት ንገሪው፣ ወሬው ወደዚያ ከሄደ ሻጩ ትክክል ይሆንና ዋናው ጥያቄ ይጠፋል።